የመምህራን ስልጠናን መምራትና መገምገም፦ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚሰራ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ትምህርት ቤት የሰራ ሰው ይሄን ያውቀዋል። መስከረም ላይ የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) እቅድ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ይመታበታል። ግንቦት ላይ ፖርትፎሊዮው (የመምህሩ የሙያ ማህደር) ይሞላል፣ ሱፐርቫይዘሩ ገልበጥ ገልበጥ አርጎ ያይና ራይት ያረጋል፣ የዓመቱ 60 የስልጠና ሰዓት ሞላ ተብሎ ይዘጋል። ክፍል ገብታችሁ ብትቀመጡ ግን መምህሩ ዛሬም "ገባችሁ?" ይላል፣ ተማሪውም በአንድ ድምጽ "አዎ ቲቸር!" ይላል፣ ያልገባቸው መሆኑ የሚታወቀው ፈተናው ታርሞ ሲመጣ ነው።

ይሄ ጽሁፍ "የዘንድሮን ስልጠና አንተ ምራው" ወይም "አንቺ ያዥው" ለተባለ ሰው ነው፣ ርዕሰ መምህርም ሁኑ ምክትል፣ የሲፒዲ አስተባባሪም ሁኑ ዲፓርትመንት ሄድ ወይ የጉድኝት (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር። ከታች ብዙ እለፈልፋለሁ ግን ነገሬ አንድ ነው፦ ግምገማ ስልጠናው ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም፣ አሰልጣኝ ከመፈለጋችሁ፣ አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት ተጽፎ ማለቅ ያለበት ነገር ነው። ያ ካልሆነ መጨረሻ ላይ የምትቆጥሩት ሰዓትና ፊርማ ብቻ ነው።

ወደ ስራው ከመግባታችን በፊት አንድ መሰረት እንያዝ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር የሲፒዲ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር፣ ርዕሰ መምህርና ሱፐርቫይዘር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት በሙያ ማሻሻያ ላይ እንዲያሳልፍ ይጠይቃል፣ አካሄዱን ደሞ በአራት ደረጃ ያስቀምጠዋል፦ ትንተና፣ እቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ። አካሄዱ ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ እኛ ጋ ነው፣ ትንተናውን በአንድ ከሰዓት እንጨርሰዋለን፣ ግምገማውን ደሞ ሪፖርት ሲጠየቅ ቁጭ ብለን እንፈጥረዋለን። 60 ሰዓት ራሱ ብዙ ይመስላል እንጂ በ40 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

በምሳሌ ካልሄድን ነገሩ አየር ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከመጨረሻው እንሂድ። እንበልና ከ1ኛ እስከ 8ኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው፣ ክፍሉ ውስጥ 60 ምናምን ተማሪ አለ፣ 7ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ላይ ውጤቱ ወርዷል።

1. ችግሩን ክፍል ውስጥ ፈልጉት፣ ወረቀት ላይ አትፈልጉት

የተለመደው አካሄድ መጠይቅ መበተን ነው፣ "ምን ስልጠና ትፈልጋላችሁ?" የሚል። መልሱን ሳትበትኑትም ልነግራችሁ እችላለሁ፦ ኮምፒውተር፣ እንግሊዝኛ፣ የተግባር ምርምር አጻጻፍ። መምህራኑ ዋሽተው አይደለም፣ ጥያቄው ስለራሳቸው ፍላጎት ስለሆነ ነው ስለራሳቸው የመለሱት። የኛ ጥያቄ ግን ተማሪው የት ጋ እየወደቀ ነው የሚለው ነው።

ሶስት ቦታ እዩ። አንደኛ የታረሙ የፈተና ወረቀቶች፣ አማካይ ውጤቱን ሳይሆን ስህተቱን። ከአንድ ሴክሽን 20 ወረቀት አንሱና የትኛው ጥያቄ ላይ ምን አይነት ስህተት እንደተደጋገመ ቁጠሩ። ለምሳሌ ኔጌቲቭ 7 ሲደመር 4 የሚለውን አብዛኛው ኔጌቲቭ 11 ብሎ ከመለሰ ተማሪው ሰንፎ አይደለም፣ ያንን ትምህርት የተማረ ቀን ያልገባው ነገር ነበር፣ ማንም ሳያይለትም አልፏል። ሁለተኛ ክፍል ገብቶ ማየት፣ አስቀድሞ ተነግሯቸው፣ ለውጤት እንዳልሆነ ተነግሯቸው (እዚህ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ከሁሉም በላይ ስልጠናን የሚገድለው እሱ ነው)። ሶስተኛ ተማሪ ማናገር፣ አምስት ስድስት ልጅ ከፊትም ከኋላም ወንበር መርጣችሁ "ትምህርት ሳይገባህ ሲቀር ምን ታደርጋለህ?" በሉ። "ዝም እላለሁ" የሚል መልስ ከበዛ ትንተናችሁ ግማሹ አለቀ። ከመደርደሪያ ላይ ደሞ የኢንስፔክሽን ሪፖርቱን አውርዱት፣ ከስታንዳርዶቹ መማር ማስተማሩን የሚመለከቱት ላይ ምን እንደተባላችሁ አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ ደረጃው ብቻ ይታይና ዝርዝሩን የሚያነብ የለም።

ከዚህ በኋላ የግድ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ይሄ ነገር በስልጠና የሚፈታ ነው ወይ? መጽሐፉ ለሶስት ተማሪ አንድ ከሆነ፣ የሒሳቡ መምህር በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ከያዘ፣ መምህሩ ደሞዝ ስላልበቃው ከሰዓት ሌላ ስራ የሚሮጥ ከሆነ፣ እነዚህ የስልጠና ችግሮች አይደሉም። መምህሩ ቢፈልግም እንዴት እንደሚያደርገው የማያውቀው ነገር ሲኖር ነው ስልጠና መድኃኒት የሚሆነው። የሚያውቀውን ግን የማይችለውን ነገር ማሰልጠን ሰውን ማናደድ ነው፣ ሰለቸን የሚሉት እኮ ለዚህ ነው።

2. አንድ ርዕስ ብቻ ያዙ

ተማሪ ተኮር ዘዴ፣ ተከታታይ ምዘና፣ ልዩ ፍላጎት፣ አይሲቲ፣ የክፍል አያያዝ፣ ሁሉም በአንድ ዓመት እቅድ ውስጥ። አይሆንም። ወረዳው ሌላም ካዘዘ ይጻፍ፣ ግን ልባችሁንና የክትትል ጊዜያችሁን የምትሰጡት ርዕስ አንድ ይሁን።

ርዕሱ ደሞ ይጥበብ። "ተከታታይ ምዘናን ማጠናከር" ርዕስ አይደለም፣ መፈክር ነው። በኛ ምሳሌ ርዕሱ እንዲህ ይሆናል፦ "የ7ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ መምህራን ትምህርቱ እየሄደ እያለ ተማሪው ገብቶት እንደሆነ የሚያውቁበትን መንገድ መጠቀም"። ስድስት ሰባት መምህር ቢሆኑ ነው። ትንሽ ነው አትበሉ፣ ትንሽ ስለሆነ ነው የሚሳካው፣ ሲሳካ ሌላው ዲፓርትመንት ራሱ መጥቶ ይጠይቃል።

3. ግምገማውን አሁን ጻፉት

ስልጠና ግምገማ ላይ ሁለት ስሞች ማወቅ ጥሩ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣቸው ጽሁፎች ስልጠናን በአራት እርከን መመዘንን አስተዋወቀ፦ ሰልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ስራው ላይ ተጠቀመበት ወይ፣ ድርጅቱ ምን ውጤት አገኘ። ኋላ ላይ ቶማስ ጉስኪ የሚባል የትምህርት ምሁር ነገሩን ለትምህርት ቤት አመቻችቶ አምስት አደረገው፣ መሃል ላይ የጨመራት ደሞ ለኛ አገር ዋናዋን ነው፦ ትምህርት ቤቱ መምህሩን ደገፈው ወይ? የመጨረሻው እርከን ደሞ የተማሪው ለውጥ ነው።

ዘዴው ከመጨረሻው እርከን ወደ መጀመሪያው ማቀድ ነው፣ ማለትም ከተማሪው ተነሱ። በኛ ምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

ተማሪው ላይ ምን እናያለን? ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መምህሩ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ሩብ ወረቀት ላይ መልሶ ይሰጣል፣ የመውጫ ጥያቄ እንበለው። አሁን ስንት ልጅ በትክክል ይመልሳል፣ ከሁለት ወር በኋላስ?

መምህሩ ላይ ምን እናያለን? በ40 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጥያቄ ጠየቀ፣ ስንቱ በህብረት ተመለሰ፣ ስንት የተለያየ ልጅ መለሰ፣ ጠይቆ ስንት ሰከንድ ጠበቀ። የመጨረሻውን ንቀት አትዩት። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሳይንስ ክፍሎችን አጥንታ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይታለች፣ ወደ ሶስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ይጀምራሉ። በሰዓት የሚለካ ነገር ነው፣ ወጪ የለውም፣ ነገ መጀመር ይቻላል፣ ለስልጠና ከዚህ የተሻለ ነገር የት ይገኛል።

ትምህርት ቤቱ ምን ማድረግ አለበት? እርስ በርስ ለመተያየት ክፍለ ጊዜ ማመቻቸት፣ ወረቀት፣ ፕሮግራሙ ላይ ስብሰባ አለመደረብ።

መምህሩ ምን ማወቅና መቻል አለበት? ወደደውስ ወይ? እነዚህ በአንድ አንድ መስመር ይበቃቸዋል።

ይሄ ሁሉ አንድ ገጽ ነው፣ ከአንድ ገጽ ከበለጠ አይነበብም። አሁን መነሻ መረጃችሁን (ቤዝላይን የምንለውን) ሰብስቡ፣ ስልጠናው ከመጀመሩ በፊት። ከእያንዳንዱ መምህር ሁለት ክፍለ ጊዜ እዩ፣ አንድ ቀን ብቻ ካያችሁ ያ ቀን ልዩ ቀን ሊሆን ይችላል። የመውጫ ጥያቄውንም በሁሉም የ7ኛ ሴክሽን አሰሩ። እንበልና ከ62 ልጅ 19ኙ በትክክል መለሰ፣ መምህሩ ከጠየቃቸው 25 ጥያቄዎች 17ቱ በህብረት ተመለሱ፣ የቀሩትን ስምንቱን ደሞ ከፊት የሚቀመጡ አራት ልጆች ተከፋፈሏቸው። ቀኑን ጻፉበት፣ ፋይል አርጉት። መጨረሻ ላይ ስልጠናው ለውጥ አምጥቷል ወይ ስትባሉ የምታወጡት ይሄንን ወረቀት ነው።

4. ኤፊሸንሲን (የስራ አፈጻጸም ነጥብን) ከዚህ ነገር አርቁት

አሁን ወደ ዋናው እሾህ። የእኛ መምህር በዓመት ሁለት ጊዜ የስራ አፈጻጸም ይሞላለታል፣ ያ ነጥብ ደረጃ እድገት ላይ ይገባል፣ ከጀማሪ መምህርነት ተነስቶ እስከ መሪ መምህርነት ሲወጣ ይታያል። ስለዚህ ቼክሊስት ይዞ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ ነጥብ ሊቆርጥ የመጣ ነው የሚመስለው። በዛ ስሜት ውስጥ ያለ መምህር የምታዩለት ቀን ሾው ነው የሚሰራላችሁ፦ ቡድን ያስቀምጣል፣ ፍሊፕ ቻርት ይሰቅላል፣ ትናንት መልሱን ያስጠናቸውን ልጆች ያስመልሳል። መረጃችሁ እዚያው ሞተ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው በጽሁፍ ቃል ግቡ። በዚህ ስልጠና ስም ክፍል ውስጥ የሚሰበሰብ መረጃ ለአፈጻጸም ምዘና አይውልም፣ የመምህሩ ስም ሪፖርት ላይ አይጻፍም፣ የታየው ወረቀት ኮፒ ለራሱ ለመምህሩ ይሰጣል። ርዕሰ መምህሩ ይፈርምበት፣ መምህራኑ ፊት ይነበብ። ከዛ ደሞ ጠብቁት። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ "አንዳንድ መምህራን ግን ክፍል ስናይ..." ተብሎ ከተወራ አለቀ፣ ዓመቱን ሙሉ አታገግሙም።

በዚሁ ምክንያት ተመልካቹ ዳይሬክተሩ ባይሆን ይመረጣል። የትምህርት ክፍል ባልደረባ ይሁን፣ ወይ እርስ በርስ ጥንድ ይሁኑ። የዳይሬክተሩ ስራ ሌላ ነው፣ ጊዜውን መጠበቅና ከወረዳ የሚመጣ ድንገተኛ ስብሰባ ፕሮግራሙን እንዳያፈርስ መከላከል፣ ይሄ ራሱ ሙሉ ስራ ነው። አንድ ጊዜ ራሱም አስተምሮ ቢታይ ግን እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ፣ መምህራኑ ቁጭ ብለው የርዕሰ መምህሩን ጥያቄዎች ሲቆጥሩ።

5. ጊዜ፣ ገንዘብ፣ አበል

በፈረቃ የሚሰራ ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ተቃራኒውን ፈረቃ ተጠቀሙ፣ ሙሉ ቀን ከሆናችሁ ግን ፕሮግራም አውጪውን ቀድማችሁ አናግሩት፣ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን በሳምንት አንድ የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ እንዲኖራቸው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ሲሰራ ማስገባት ቀላል ነው፣ ጥቅምት ላይ ግን ጦርነት ነው። አርብ ከሰዓት አታድርጉት። ደሞዝ የወጣ ቀንም አታድርጉት፣ እየቀለድኩ አይደለም።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ ወረቀት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሻይና ዳቦ። ከስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ) ላይ ለማስያዝ የትምህርት ቤት ማሻሻያ እቅዱ ውስጥ መግባት አለበት፣ የመማር ማስተማር ርዕሱ ስር አስገቡትና ወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ ያጽድቀው። አበል የሚባለውን ጉዳይ ደሞ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ። ኤንጂኦ ያመጣው ስልጠና አበል ስላለው ሰው ሁሉ ይሮጥለታል፣ ይሄኛው እዚሁ ግቢ ውስጥ የሚደረግ ነው፣ አበል የለውም፣ በምትኩ ሰዓቱ ከ60ው ላይ ይያዛል፣ የቤት ስራ አይጨምርም፣ ፖርትፎሊዮውም እግረ መንገዱን ይሞላል። ይሄን ሳትናገሩ ካለፋችሁ ጥያቄው በሶስተኛው ሳምንት በቀሪ መልክ ይመጣባችኋል።

6. የስልጠናው ቀን

እዚህ ላይ ብዙ አልልም ምክንያቱም ሁሉም ሰው ጉልበቱን የሚያፈሰው እዚህ ነው። ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ልዩነት ይበቃል። ፓወር ፖይንት ቢቀርም ይቀራል። መምህራኑ የራሳቸውን መጽሐፍና የሚቀጥለውን ሳምንት የትምህርት እቅድ ይዘው ይምጡ፣ አሰልጣኙ 20 ደቂቃ ያሳያል፣ ቀሪው ጊዜ እነሱ የሚሞክሩበት ነው፣ አንዱ ያስተምራል ሌሎቹ ተማሪ ይሆናሉ፣ ስልክ ላይ ሰከንድ ይቆጠራል። ከአዳራሹ ሲወጡ ለሰኞ የሚጠይቋቸው ሶስት ጥያቄዎችና አንድ የመውጫ ጥያቄ ተጽፎ እጃቸው ላይ መኖር አለበት፣ ካልኖረ ስልጠናው ገና አላለቀም ማለት ነው።

አሰልጣኝ ከየት? መጀመሪያ ግቢያችሁን እዩ፣ ያን ነገር ሳይታወቀውም ቢሆን ጥሩ አርጎ የሚሰራ መምህር ወይም መምህርት አይጠፉም። ከጉድኝቱ ሌላ ትምህርት ቤት መዋስም ይቻላል፣ የጉድኝት ማዕከል የተቋቋመው ለዚህ ነው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ቅርባችሁ ካለ ሰው ላኩልን በሉ፣ ግን የሚመጣው ሰው መጀመሪያ አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ክፍል ገብቶ ካየ በኋላ ያሰልጥን፣ 60 ልጅ ያለበትን ክፍል ሳያይ ስለ 25 ልጅ ክፍል አውርቶ እንዳይሄድ።

ውጪ ሰልጥኖ የመጣ ሰውም አትርሱ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ሚኒስቴር ብዙ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንንና የትምህርት አመራሮችን በየዩኒቨርሲቲው አሰልጥኗል። እንደዛ ሰልጥኖ መስከረም ላይ የሚመለስን መምህር "ምን ይዘህ መጣህ?" ብሎ የሚጠይቀው ከሌለ ይዞት የመጣው ሞጁል ቤቱ ይቀራል። አንድ የዲፓርትመንት ስብሰባ ስጡት፣ ያየውን በራሱ ክፍል ሰርቶ ያሳይ።

7. ከስልጠናው በኋላ ያሉት ስምንት ሳምንታት

ስልጠናው ማለት ይሄ ነው በእውነት። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያሳዩት ነገር ንድፈ ሐሳብ መስማትና ሰርቶ ማሳያ ማየት ብቻውን ወደ ክፍል የሚሻገረው እጅግ ጥቂት መሆኑን ነው፣ ሥራ ቦታው ድረስ እየመጣ አብሮ የሚያይና የሚመክር ባልደረባ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። ምክንያቱም ለምዶት የኖረውን መተው ሰውን ለጊዜው ያዳክመዋል። መምህሩ ጠይቆ ሶስት ሰከንድ ዝም ሲል ክፍሉ ይጨንቃል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል፣ በሁለተኛው ሳምንት "ይሄ ነገር እኛ ጋ አይሰራም" ይላል። ያን ቀን አጠገቡ ሰው ካለ ያልፈዋል።

አሰራሩ ይሄን ይመስላል። መምህራኑን ጥንድ ጥንድ አርጓቸው፣ በራሳቸው ምርጫ ቢሆን ይሻላል፣ ጀማሪ መምህር ካለ ግን ከሜንተሩ (ከአማካሪ መምህሩ) ጋር ይሁን፣ የሁለት ዓመቱ የኢንዳክሽን (የሙያ ትውውቅ) ጊዜም ስላለበት ሁለቱን ስራ በአንድ ድንጋይ ይመታል። በሁለት ሳምንት አንዴ አንዱ የሌላውን ክፍል ያያል። የምልከታ ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ነው፦ የጥያቄ ብዛት፣ በህብረት የተመለሰ፣ በግል የመለሱ ልጆች (የክፍሉን አቀማመጥ ስዕል ላይ ነጥብ በማድረግ)፣ የጥበቃ ሰከንድ፣ የመውጫ ጥያቄው ውጤት። "መምህሩ በራስ መተማመን አለው" "ሰሌዳ አጠቃቀሙ ጥሩ ነው" አይነት ነገር አይገባም፣ ይሄ የኤፊሸንሲ ቋንቋ ነው። የሚቆጠር ብቻ።

የነጥቧ ስዕል በጣም ኃይለኛ ናት። መምህሩ ሁሉንም አሳትፌያለሁ ብሎ ከልቡ ያምናል፣ ነጥቦቹ ግን ፊት ለፊት ሁለት ወንበር ላይ ተከማችተው፣ የሴቶቹ ረድፍ ባዶ ሆኖ ሲያየው ምንም አስተያየት አያስፈልግም።

ካዩ በኋላ የሚደረገው ወሬ 15 ደቂቃ ነው፣ በዛው ቀን፣ ስታፍ ሩም ውስጥ ሰው በሌለበት። እዚህ ላይ አነጋገር ይወስነዋል። ያየው ሰው "ጥሩ ነው ግን..." ብሎ እንዳይጀምር፣ ከ"ግን" በፊት ያለውን ማንም አይሰማም። ወረቀቱን ይስጥና "እስኪ እየው፣ ምን አገኘህበት?" ይበል። ታዳጊው መምህር 25 ዓመት ያስተማሩትን ጋሼን የሚያይ ከሆነ ደሞ ትንሽ ዘዴ ይፈልጋል፣ "ጋሼ ይሄን ቆጥሬ መጣሁ፣ እርስዎ እንዴት ያዩታል? እኔ ክፍል እንኳን ከዚህ ይብሳል" ቢል ይሻላል፣ እውነትም ይብሳል ብዙ ጊዜ። ደሞ መጀመሪያ ራሱን አስይቶ ከዛ እሳቸውን ቢያይ ነገሩ ሁሉ ይለዝባል።

በአራተኛው ሳምንት ሁሉም ተሰብስበው አንድ ትምህርት አብረው ያዘጋጁ፣ አንዱ ያስተምረው፣ ሌሎቹ ተማሪዎቹን ይዩ፣ ከዛ አብረው ያርሙት፣ ሌላው በሌላ ሴክሽን ደግሞ ያስተምረው። ጃፓኖች ይሄን መቶ ዓመት ያለፈው ልማድ አርገው ይዘውታል፣ ሌሰን ስተዲ ይባላል። የሚታየው ትምህርቱና ልጆቹ እንጂ መምህሩ ስላልሆነ እኛ ጋ ሰው በጣም ዘና ብሎ ይሰራዋል።

መሪው በነዚህ ሳምንታት ምን ይሰራል? በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የታቀደው መተያየት ተደረገ ወይ፣ ካልተደረገ ምን ከለከለ? የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ የመውጫ ጥያቄዎችን መለዋወጥ ጥሩ ነው፣ የክፍል ምልከታ ወረቀት ግን እዚያ አይለጠፍ።

8. መመዘን፣ ራስን ሳያታልሉ

ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ መጀመሪያ የሰራችሁትን በትክክል ያንኑ ድገሙት፣ ከእያንዳንዱ መምህር ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ የመውጫ ጥያቄ በሁሉም ሴክሽን፣ ያው ወረቀት፣ የክብደት ደረጃው ተመሳሳይ የሆነ ጥያቄ። ጥያቄውን ካቀለላችሁት ውጤቱ ይወጣል፣ ለውጥ ግን አይደለም።

እንበልና 19 የነበረው 34 ሆነ። ደስ ይላል፣ ግን ከመፎከራችሁ በፊት ሶስት ነገር አጣሩ። ያን ቀን ስንት ልጅ ቀረ? ደካሞቹ ልጆች ገበያ ቀን ሄደው ከሆነ ቁጥሩ ብቻውን ይወጣል። ስለዚህ 34 ከ62 ነው ወይስ ከ48 የሚለውን ጻፉ። ሁለተኛ ልጆቹ በስምንት ሳምንት ውስጥ ያለ ስልጠናውም መማራቸው አይቀርም፣ ስለዚህ ስልጠናው ያልደረሰበት ሴክሽን ወይም የጎረቤት የጉድኝት ትምህርት ቤት ላይ ያንኑ ጥያቄ አሰሩና አወዳድሩ፣ እነሱም እኩል ከጨመሩ ስልጠናችሁ አይደለም ያመጣው። ሶስተኛ መምህሩ ላይ ያየነው ነገር ተለውጧል ወይ? የተማሪው ውጤት ጨምሮ የመምህሩ አጠያየቅ እንደነበረ ከሆነ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

የአገር ፈተና ውጤት ላይ ደሞ አትንጠልጠሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50% እና በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3%፣ በ2015 3.2%፣ በ2016 5.4% ነበር። ያቺን የመጨረሻዋን ጭማሪ አንድ ስልጠና ነው ያመጣት ብሎ ማስረዳት የሚችል ሰው የለም፣ በመሃል ስንት ነገር አለ። ለናንተ ፕሮጀክት ቅርብ የሆነ፣ ትንሽ፣ በራሳችሁ እጅ ያለ መለኪያ ይበልጣል።

ለውጥ ካልመጣስ? ወደ አምስቱ እርከኖች ተመለሱና የት ጋ እንደተሰበረ ፈልጉ። መምህራኑ ዘዴውን ያውቁታል ግን ክፍል ውስጥ አልተጠቀሙበትም ከሆነ ችግሩ ስልጠናው አይደለም፣ ድጋፉ ነው፣ ምናልባት የጋራው ክፍለ ጊዜ ሶስቴ በስብሰባ ተበልቷል። ተጠቅመውበታል ግን ተማሪው አልተለወጠም ከሆነ የመረጣችሁት ዘዴ ወይ ትንተናው ነው የሳተው፣ ለምሳሌ ልጆቹ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ማንበብ ስላቃታቸው ሊሆን ይችላል የማይመልሱት፣ እሱን ሶስት ሰከንድ መጠበቅ አይፈታውም። መጀመሪያም ካልገባቸው ደሞ ስልጠናውን ድገሙት። ለዚህ ነው አንዱን እርከን ብቻ መለካት ምንም የማይነግራችሁ።

በስልጠናው ማብቂያ የሚሞላውን "ስልጠናው እንዴት ነበር?" የሚለውን ፎርም አልጠላውም፣ ግን ምሳው ጥሩ ከሆነ ሁሉም "በጣም ጥሩ" ላይ ነው ራይት የሚያደርገው። ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑር፦ "ሰኞ ክፍል ውስጥ ምን ለየት አርገህ ትሰራለህ?" መልሱ ባዶ ከሆነ ወይ "የተማርኩትን እተገብራለሁ" የሚል ከሆነ ቁጥር ውስጥ ሳትገቡ ብዙ ታውቃላችሁ።

9. ሪፖርት

መጀመሪያ ለመምህራኑ፣ ከዛ ለወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ፣ ከዛ ለወረዳ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፣ መምህሩ ስለራሱ ስራ ከወረዳ ሰው አፍ መስማት የለበትም።

አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል። ምን ችግር አየን፣ ምን አደረግን፣ በፊትና በኋላ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ምን አልሰራም፣ ቀጥሎ ምን። "በከፍተኛ ሁኔታ ተሻሽሏል" "አበረታች ለውጥ ታይቷል" የሚሉትን አውጧቸው፣ በቦታቸው ቁጥር አስገቡ። ያልሰራውን መጻፍ ያስፈራል፣ አውቃለሁ፣ በተለይ የሌላው ትምህርት ቤት ሪፖርት 98% ተሳክቷል እያለ፣ ግን መነሻ መረጃና መጨረሻ ያለው ሪፖርት ሱፐርቫይዘሩ እጅ ሲገባ ከሌላው መለየቱ አይቀርም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ጊዜና በጀት ስትጠይቁም የምትከራከሩበት እሱ ነው። ለወላጆች ሲሆን ደሞ ቁጥሩን ተዉትና ሁለት የመውጫ ወረቀት አሳዩአቸው፣ የጥቅምትና የታህሳስ፣ ስም የተሸፈነባቸው።

ለፖርትፎሊዮው ተጨማሪ ነገር አታስጽፉ። የምልከታ ወረቀቶቹ፣ የትምህርት እቅዶቹና የመምህሩ ግማሽ ገጽ አስተያየት ተወግተው ይግቡ፣ ያ ከተገለበጠ ሞጁል ይሻላል።

10. ወደ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት

ጥር ላይ ተቀምጣችሁ ከሶስቱ አንዱን ወስኑ፦ ይስፋ፣ ይስተካከል፣ ይቁም። "ይቀጥላል" ብሎ ማለፍ ውሳኔ አይደለም። ይስፋ ካላችሁ ከየካቲት ጀምሮ አንድ ዲፓርትመንት ብቻ ጨምሩ፣ አሰልጣኞቹም የመጀመሪያዎቹ መምህራን ይሁኑ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ ዝውውር። ክረምት ላይ ከሰባቱ መምህራን ሁለቱ ወይ ሶስቱ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ፣ ዳይሬክተሩም ሊቀየር ይችላል፣ መስከረም ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ሰኔ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቦክስ ፋይል አዘጋጁ፦ የአንድ ገጹ የግምገማ እቅድ፣ የግማሽ ገጹ የምልከታ ወረቀት ባዶውና አንድ የተሞላ (ስም የሌለው)፣ የመውጫ ጥያቄዎቹ በየምዕራፉ፣ የመነሻውና የመጨረሻው ቁጥር፣ ርዕሰ መምህሩ የፈረመበት የኤፊሸንሲ ቃል፣ ሪፖርቱ። አንዱ ኮፒ ሪከርድ ቢሮ፣ አንዱ ዲፓርትመንት ሄዱ ጋ፣ ፎቶ ተነስቶ ደሞ ቴሌግራም ላይ። አዲስ መምህር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሪፖርት ሲያደርግ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይሰጠው፣ ጥንዱም ማን እንደሆነ በዛው ቀን ይነገረው።